«ተኩሶ መጣል ነው» ላሉን ጸሐፊ፦ ምኑ ላይ ይተኮስ?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ስልኬ ላይ ደረሰኝ። አንዱ ወዳጄ «አንብበውና የምትለውን በል» ብሎ ነው የላከው። ስለ ድሮንና ስለ ኤርፖርት ነው የሚያወራው። ጸሐፊው ስማቸውን ስላላኖሩበት «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ። ብዕራቸው ይጥማል፤ ንዴታቸውም ይገባኛል። እኔም በአንድ የአውሮፓ ኤርፖርት ወለል ላይ ጃኬቴን ተንተርሼ ያደርኩበት ሌሊት አለ። እስኪነጋ ድረስ «ድሮን ታይቷል» ከሚል ማስታወቂያ በቀር የነገረን ሰው አልነበረም።

ጽሑፋቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ድሮን መጫወቻ ነው፤ ወፍ ከእሱ ይብሳል። ኤርፖርቶች በከንቱ ነው የሚደነብሩት። ከመጣ ተኩሶ መጣል፣ ካልሆነም ጃም ማድረግ ነው። አምራቾቹ በሶፍትዌር ቢቆልፉት ኤርፖርት አጠገብ ድርሽ አይልም። ይህ ሁሉ ካቃተ እንደ ኢትዮጵያ ማገድ። ኮፐንሀገን ኤርፖርትን ያዘጋው ድሮን ደግሞ የሩሲያ ሥራ ስለሆነ ለወታደር መተው አለበት። መንገደኛውም አይከፋውም፤ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ያገኛል።

የምስማማበት አለ። አብዛኛው ላይ ግን አልስማማም። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የባሕር ዳሩን ብቻ በራሳችን።

ከወፉ ልጀምር፤ ጸሐፊው ያነሱት ምሳሌ የእኛው ቁስል ነውና። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ወደ ኤርፖርቱ ሊመልሱት ሞከሩ። አንዱ ሞተር ወዲያው፣ ሌላው በመመለሻው ላይ ከዳቸው። ጎማው ሳይወርድ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «እንግዲህ የሚያሰጋው ወፍ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር ነው የማነበው። ርግብ ያህል ለስላሳ ነገር ሞተር ውስጥ ገብቶ ይህን ካደረገ፣ ባትሪና ብረት ያለው ነገር ምን ሊያደርግ ነው? ለወፍ እኮ የአቪዬሽን ዓለም ዓመታት ሙሉ ሲዘጋጅ ኖሯል። አዲስ ሞተር ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ወፍ ተወርውሮበት ይፈተናል። የጄት የፊት መስታወት 1.8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍ ቢመታው እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ኤርፖርቶች ሣሩን የሚያጭዱት፣ ወፍ የሚያባርር ሰው ቀጥረው ድምፅ የሚያስጮሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ለድሮን ግን እንዲህ ያለ የግዴታ ፈተና የለም።

2018 ላይ በአሜሪካ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ የማይሞላ ድሮን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ወረወሩ። ድሮኑ ተሰባብሮ አልቀረም። ቆዳውን በስቶ ገባና የክንፉን ዋና ተሸካሚ ጎዳው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው፣ ወፍን ተክቶ የተሠራ ነገርም ወርውረው ነበር። እሱ የክንፉን ፊት የባሰ አጨማደደው፤ ውስጥ ግን እንደ ድሮኑ አልዘለቀም። ስለዚህ «ወፍ ይብሳል» የሚለው ከውጭ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ችግሩ ውስጥ ነው።

ግጭቱም በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። ሴፕቴምበር 2017 ላይ ኒው ዮርክ አጠገብ የአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ከአንድ የመዝናኛ ድሮን ጋር ተጋጨ። በማግሥቱ ወር፣ ኦክቶበር ላይ፣ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ለማረፍ የተቃረበች ትንሽ የመንገደኞች አውሮፕላን ተመታች፤ ደግነቱ በሰላም አረፈች። ጃንዋሪ 2025 ላይ ሎስ አንጀለስ ስትነድ፣ እሳት ሊያጠፋ የመጣ የካናዳ አውሮፕላን ክንፉ በድሮን ተበሳ። ሰደዱ ቤት እየበላ ሳለ አውሮፕላኑ ለጥገና ቆመ። የድሮኑ ባለቤት እሳቱን ከላይ ሊያይ የፈለገ ሰው ነበር። ከእይታው ርቆበት ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ቀዳዳውን ግን ያው አበጅቶታል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሐቃቸውን ልስጥ። በመዝናኛ ድሮን ተመትቶ የወደቀ የመንገደኞች ጄት እስካሁን የለም። ይህን ይዘው «ታዲያ ለምን ይዘጋል?» ቢሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የ200 ሰው ነፍስ በእጁ ላይ ያለ የበረራ ተቆጣጣሪ «እስካሁን አልሆነም» ብሎ አውሮፕላን አያስነሳም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እሱም በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል።

አሁን «በከንቱ ይደነብራሉ» ወደተባለው። ጸሐፊው የእንግሊዙን የጌትዊክ ኤርፖርት ነገር በሁለት መስመር አልፈውታል። እኔ እዚያ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነውና።

ዲሴምበር 19 ቀን 2018 ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ፈረቃውን ጨርሶ አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሁለት ድሮን አየሁ አለ። ማኮብኮቢያው ተዘጋ። ጌትዊክ በአንድ ማኮብኮቢያ የሚሠራ ኤርፖርት ነው። እሱ ቆመ ማለት ሁሉም ቆመ ማለት ነው። ሊከፍቱ ሲሉ ሌላ ሰው «አየሁ» ይላል። ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንደገና ሊከፍቱ ሲሉ እንደገና «አየሁ»። እንዲህ እያለ 33 ሰዓት ሄደ። ወደ 1,000 በረራ ተስተጓጎለ። የፈረንጆች ገና ሊገባ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው 140 ሺህ መንገደኛ ሻንጣውን ታቅፎ ቀረ። ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ ብቻውን 15 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደከሰረ ተናገረ።

ፖሊስ በኋላ ሲቆጥር 129 ጊዜ ታየ የሚል ጥቆማ ነበረው። 109ኙ ታማኝ ከሚላቸው ምስክሮች ነው፤ አብራሪ አለበት፣ የኤርፖርት ሠራተኛ አለበት፣ ፖሊስም አለበት። በዚያ ሁሉ ስልክ መሀል ግን ድሮኑን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ለሕዝብ አልቀረበም። ይባስ ብሎ ኤርፖርቱ ያለበት የሰሴክስ ግዛት ፖሊስ አዛዥ ከጥቆማዎቹ አንዳንዱ ለፍለጋ የወጣው የራሳቸው የፖሊስ ድሮን ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ፈላጊው ተፈላጊ ሆኖ አረፈው! አንድ ባልና ሚስት 36 ሰዓት ታስረው፣ ስማቸው በጋዜጣ ወጥቶ፣ ያለ ክስ ተለቀቁ። 2020 ላይ ፖሊስ የጠበቃ ወጪን ጨምሮ 200 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ከእነሱ ጋር ተስማማ። ምርመራው ሴፕቴምበር 2019 ላይ ጥፋተኛ ሳይገኝ ተዘግቷል።

ይህን ታሪክ «ፈሪዎች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ድሮን አለ ለማለት አንድ ሰው ይበቃል፤ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ጣቱን መቀሰር ብቻ ነው። ድሮን የለም ለማለት ግን ሰማዩን ሙሉ ማየት ያስፈልጋል። ጌትዊክ በዚያ ሌሊት «የለም» የሚልበት መሣሪያ አልነበረውም። ለዚህ ነው የ20 ደቂቃ ነገር 33 ሰዓት የሆነው። ኤርፖርቱ በኋላ 5 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ መሣሪያ ገዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ከመቅረት ይሻላል።

ጸሐፊው «ራዳር እያላቸው እንዴት አያዩም?» ብለው ይጠይቃሉ። የተለመደው የኤርፖርት ራዳር የሚሠራው ትልልቅ አውሮፕላን እንዲያይ ነው። ትንሽ፣ ዝግ ያለ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ሲያይ ወፍ ነው ብሎ ይተወዋል። ባይተወው ኖሮ ስክሪኑ በቁራ ይሞላ ነበር። ስለዚህ ለድሮን የተሠራ ሌላ ራዳር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን አሞራና ድሮን ይምታታበታል። ሁለተኛው መንገድ በሪሞቱና በድሮኑ መካከል ያለውን ሲግናል ማድመጥ ነው። ጎበዝ መሣሪያ የሪሞቱ ያዥ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይጠቁማል። ድሮኑ መንገዱ አስቀድሞ ተሞልቶለት ያለ ሪሞት የሚበር ከሆነ ግን የሚደመጥ ነገር የለም። ሦስተኛው ካሜራ ነው፤ ጉምና ጨለማ ይከለክለዋል። በድምፅ እንለየው እንዳይባል ደግሞ ኤርፖርት ነው፤ ጄት እያገሳ የድሮን ጢዝታ ማን ይሰማል? አንዱ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ሲጠረጥር ሌላው የሚያረጋግጥበት ነገር ነው የሚፈለገው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ጥይት በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ጥይት ካልን ዘንድ ወደ «ተኩሶ መጣል» እንምጣ። የጽሑፋቸው ጉልበት እዚህ ላይ ነው። እውነት ለመናገር እኔም ወለሉ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ይወርዳል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ላይ የሚተኮስበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሊነገረው አይገባም። ኤርፖርት ላይ ደግሞ የሚወርደው ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ላይ፣ መንገደኛ ላይ፣ ወይም አጥሩ ማዶ ያለ ሰፈር ላይ ነው። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ማታ ኮፐንሀገን ላይ ድሮኖች ታይተው ኤርፖርቱ ለ4 ሰዓት ገደማ ሲዘጋ የዴንማርክ ፖሊስ አልተኮሰም። ምክንያቱን ሲጠየቅ መንገደኛው፣ ማኮብኮቢያ ላይ ያሉት አውሮፕላኖችና በአካባቢው ያለው ነዳጅ ነው አለ። ወደ 20 ሺህ መንገደኛ ተጉላላ። ማንም ግን አልተጎዳም።

ከዚህ የከፋ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የሩሲያዋ ከተማ ግሮዝኒ አለችላችሁ። ዲሴምበር 25 ቀን 2024 ከባኩ ወደ ግሮዝኒ ይበር የነበረ የአዘርባጃን አየር መንገድ ጄት፣ የሩሲያ አየር መከላከያ የዩክሬን ድሮኖችን ሊመታ ሲተኩስ እዚያው ሰማይ ላይ ነበር። ተመታ። ቆስሎ ካስፒያን ባሕርን ተሻግሮ ካዛኽስታን አክታው አጠገብ ወደቀ። 67 ሰዎች ነበሩበት፤ 38ቱ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ፑቲን ራሳቸው በኋላ የሩሲያ ሚሳኤሎች አውሮፕላኑ አጠገብ እንደፈነዱ አምነዋል። የጦር ሜዳ ነገር ነው፣ ከጌትዊክ ጋር አይነጻጸርም ትሉ ይሆናል። እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ያን ቀን መንገደኛ የገደለው ድሮን አይደለም። ድሮን ሊመታ የተተኮሰው ነው። ሰማዩ ቀድሞ ቢዘጋ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ይገቡ ነበር። ጸሐፊው የሚያናድዳቸው መዘጋቱ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ማለት ምንም አይደረግ ማለት አይደለም። መረብ የሚወረውር መሣሪያ አለ። ድሮን አሳድዶ በመረብ የሚይዝ ድሮንም አለ። ይዞ ስለሚያወርደው የሚበታተን ነገር ይቀንሳል፤ ማን እንደላከውም ለማወቅ ዕቃው በእጅ ይገባል። ሆላንዶች እንዲያውም 2016 ላይ ንስር አሠልጥነው ነበር። ንስሩ ድሮኑን በጥፍሩ አንቆ ያወርደዋል። ቪዲዮው ዓለምን ጉድ አሰኘ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ግን ተዉት። ወጪው በዛ፤ ንስሮቹም ሁልጊዜ እንደተባሉት አላደረጉም። ንስር ነዋ፣ ሠራተኛ አይደል!

ጀርመንም ድሮን ወደ መጣሉ አዘንብላለች። ኦክቶበር 2025 መጀመሪያ ላይ ሙኒክ ኤርፖርት በተከታታይ ሁለት ሌሊት ተዘጋ። ቀናት ሳይቆይ ካቢኔው የፌዴራል ፖሊስ ድሮን እንዲጥል የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ አጸደቀ። ጸሐፊው ይህን ለሐሳባቸው ማስረጃ አድርገውታል። ፈቃዱ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ማን ይወስናል የሚለውን ጭቅጭቅ ያሳጥራል። ፈቃድ ግን ዓይን አይሆንም። ያልታየ ነገር በአዋጅም አይመታም።

ጃም ማድረግ። ይህን ቃል የእኛ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የሳተላይት ቴሌቪዥን ጃም ሲደረግ ዲሹን ከጣራ ጣራ ስናዞር አድገናል። ያኔ አንድ ጣቢያ ለማፈን ሲባል ጎረቤት ጣቢያዎችም አብረው ይጠፉ እንደነበር ትዝ ይላችኋል? ኤርፖርት ላይም ያው ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው በሲግናል ነው። ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ጋር የሚነጋገረው በሬዲዮ ነው። ቦታውን የሚያውቀው በጂፒኤስም ጭምር ነው። በጥንቃቄ፣ በጠባብ አቅጣጫ፣ በረራ ቆሞ ሳለ ሊሠራ ይችላል። ብዙ ድሮኖች ሲግናላቸው ሲቋረጥ ወደ ተነሱበት ይመለሳሉ ወይም እዚያው ያርፋሉ። ነገር ግን መንገዱ የተሞላለት ድሮን የሪሞት ሲግናል ቢቋረጥበት ግድ የለውም። በዩክሬን ጦርነት ላይ ደግሞ ቀጭን የፋይበር ገመድ እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖች መጥተዋል። በገመድ የሚነጋገረውን ጃም ምን ያደርገዋል?

የሶፍትዌሩን ቁልፍ በአጭሩ። ጸሐፊው «አምራቾቹ ቢቆልፉት» ሲሉ አንድ ነገር አምልጧቸዋል። ትልቁ አምራች ዲጄአይ ለዓመታት ቆልፎት ነበር። ጃንዋሪ 2025 ላይ በአሜሪካ ቁልፉን አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። በአውሮፓ ከዚያም ቀደም ብሎ አንስቶታል። ኃላፊነቱ የአብራሪው ነው አለ። እኔ ይህን ውሳኔ አልወደድኩትም። ቁልፉ ተንኮለኛውን ባይከለክል እንኳ «ፊልም ልቅረጽ» ብሎ የሳተውን ይመልስ ነበር። የቀረን ታርጋ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም አብዛኛው ድሮን እየበረረ ማንነቱን በሬዲዮ እንዲናገር የሚያስገድድ ሕግ አለ። ሌባ ታርጋውን ይፈታል፤ እውነት ነው። ግን ሰማዩ ላይ ካሉት ታርጋ ያላቸውን ለይተህ ካስወጣህ የሚፈለገው ይቀላል።

ስለ እገዳው፣ ኢትዮጵያ ድሮንን ጨርሳ አላገደችም። ያለ ፈቃድ ማስገባትና ማብረር ነው የተከለከለው። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ድሮኑን አስረክቦ የወጣ ዘመድ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፈቃድ ያለው ግን ያበራል፤ የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሰው ምስክር ነው። እንግሊዝም ብትሆን ጌትዊክ ሲዘጋ ሕግ አጥታ አልነበረም። ከኤርፖርት አጥር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማብረር ከዚያ አምስት ወር ቀድሞ ተከልክሏል። በማርች 2019 ክልሉን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ አሰፉት። ሕጉ የሚያስቆመው ሕግ የሚፈራውን ነው። ደግሞ ድሮንን ጨርሶ ማገድ ማለት እርሻ የሚረጨውን፣ የጠፋ ሰው የሚፈልገውን፣ የአውሮፕላን አካል የሚፈትሸውን ሁሉ ማገድ ነው።

የሩሲያው ነገር ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ናቸው። የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የኮፐንሀገኑን በአገሪቱ መሠረተ ልማት ላይ እስከዚያ ከደረሰው ሁሉ የከፋ ጥቃት ብለውታል፤ ሩሲያም ልትሆን እንደምትችል ጠቁመዋል። ሞስኮ ክዳለች። መጠርጠር መብት ነው። ግን ኦክቶበር 2025 ላይ የሊቱዌኒያውን ቪልኒየስ ኤርፖርት ደጋግሞ ያዘጋው ምን ነበር? ከቤላሩስ የኮንትሮባንድ ሲጋራ አንጠልጥሎ የመጣ ፊኛ ነው! ፊኛ። ሊቱዌኒያ በዚህ የተነሳ ድንበር እስከመዝጋት ደረሰች። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ «ድሮን ወረረን» ብላ ስትናጥ ለፌዴራል መርማሪው ኤፍቢአይ ከ5,000 በላይ ጥቆማ ደረሰው። ተጣርቶ ምርመራ የሚገባው ሆኖ የተገኘው መቶ ገደማ ብቻ ነው። ከተጣሩት ብዙዎቹ መደበኛ አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተር፣ ኮከብም ጭምር ሆኑ። ላኪው ፑቲንም ይሁን የሲጋራ ነጋዴ፣ ማማው ላይ ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን እዚያ ላይ ምን አለ? ለወታደር ተወው ቢባል ወታደሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም። አየር መንገዳችን ጌትዊክም ኮፐንሀገንም ይበራል። ዱባይም 2016 ላይ ደጋግሞ፣ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ገደማ በድሮን ምክንያት በረራ አቁሞ ነበር። በዚያ በኩል ስንት እህቶቻችን እንደሚያልፉ የታወቀ ነው። ግማሽ ሰዓትና 33 ሰዓት! ልዩነቱ ላይ ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የካሳው ነገር ቀረ። ይህን ሳላርም ብተው ሰው በከንቱ ይደክማል። በአውሮፓ ሕግ ድሮን ኤርፖርት ሲያዘጋ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጪ የሆነ ልዩ ሁኔታ ተደርጎ ነው የሚታየው። ስለዚህ 600 ዩሮው የለም። ያለው ሌላ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ቢሆን፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ እንዲሁም ሌላ በረራ ወይም ገንዘብ ተመላሽ የማግኘት መብት አላችሁ። ማንም ካልሰጣችሁ በራሳችሁ ገዝታችሁ በኋላ መጠየቅ ይቻላል፤ ደረሰኝ ካላችሁ። እኔ የዚያን ሌሊት የሳንድዊች ደረሰኜን አፍንጫዬን ጠርጌበት ጥዬዋለሁ።